ስለ ፒንቦል መኪና የሚነገረው ተረትና እውነታው

ከ1930ዎቹ ዓመታት አንሥቶ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ አገር፣ ይልቁንም በቺካጎ ከተማ፣ ጎትሊብ፣ ዊሊያምስና ባሊ የተባሉት ፋብሪካዎች የሠሯቸው፣ ሳንቲም ሲገባላቸው የሚነቁ፣ በመስተዋት በተከደነ ዘንበል ያለ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ የሚያንከባልሉ የፒንቦል መኪናዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ቤትና በቤተ መዘክር ተጠብቀው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ያልተመረመረ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንደ ሃይማኖት ስለሚጸና፣ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የተነገረው ተረት እውነታውን ጋርዶት ኖሯል፤ ጉዳቱም በወሬ ሳይወሰን መኪናዎቹን ራሳቸውን እስከ ማጥፋት ደርሷል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ተረቶች አንድ በአንድ መመርመር ተገቢ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ተረት፦ ፒንቦል የዕድል ጨዋታ ነው፤ ከቁማር አይለይም።

እውነታው፦ ይህ እምነት ያለ ምክንያት አልተወለደም። ዴቪድ ጎትሊብ በ1931 «ባፍል ቦል» የተባለውን መኪና ለገበያ ባወጣ ጊዜ፣ ተጫዋቹ ሞላውን ስቦ ኳሱን ከለቀቀ በኋላ መኪናውን ገፋ ከማድረግ በቀር በኳሱ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ከዚያም በኋላ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ለአሸናፊው ገንዘብ ይከፍሉ ስለ ነበር፣ የኒውዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በ1942 ጨዋታውን አስከለከለ፤ የተያዙትም መኪናዎች በመዶሻ ተሰባበሩ። ዳሩ ግን በ1947 የጎትሊብ ፋብሪካ ነዳፊ ሃሪ ማብስ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በተባለው መኪና ላይ፣ ተጫዋቹ በአዝራር የሚያዝዛቸውን፣ ኳሱን መልሰው የሚመቱ ስድስት ትንንሽ ክንዶች፣ ማለትም ፍሊፐሮች፣ ተከለ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስቲቭ ኮርዴክ በ«ትሪፕል አክሽን» ሁለት ብቻ አድርጎ ከሰሌዳው ግርጌ አኖራቸው፤ ይህም ሥርዐት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ኳሱ የዕጣ ተገዥ መሆኑ ቀርቶ ለሠለጠነ ዓይንና ለፈጣን እጅ የሚታዘዝ ሆነ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሓፊ በኒውዮርክ ምክር ቤት አባላት ፊት ቆሞ፣ ኳሱ በየትኛው መተላለፊያ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ተናግሮ እንደ ቃሉ አደረገው፤ ከ30 ዓመት በላይ የኖረውም ክልከላ በዚያው ዓመት ተሻረ።

ተረት፦ ነጥቡን የሚቈጥረው በመኪናው ውስጥ የተሰወረ ኮምፒዩተር ነው።

እውነታው፦ ኤሌክትሮኒክስ ወደ ፒንቦል የገባው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት መኪናዎች ግን አእምሯቸው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ሰሌዳውን አንሥቶ የተመለከተ ሰው በጨርቅ የተለበጠ ሽቦ፣ ኮይል የሚባል ብረት የሚስብ የሽቦ ጥቅል፣ ሪሌ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ፣ አንድም ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ያገኛል። ኳሱ 50 ነጥብ የሚያሰጠውን ዒላማ ሲመታ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ይነካካሉ፤ በእነርሱ ያለፈው ኤሌክትሪክ ሪሌውን ይስበዋል፤ ሪሌው ሞተሩን ያስነሣል፤ ሞተሩም አምስት ጊዜ ምት ይሰጣል። በእያንዳንዱ ምት የአሥር ቤቱን ቁጥር የተሸከመው ጎማ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ደወሉም አብሮ አምስት ጊዜ ይጮኻል። ጎማው ከ9 ላይ ሲደርስ ሌላ ኮንታክት፣ ማለትም ሌላ ጥንድ የብረት ምላስ፣ ስለሚገጥም፣ ተከታዩ ምት የመቶ ቤቱንም ጎማ ያራምደዋል፤ ይህም ልጅ ሲደምር አንድ እንደሚይዘው ያለ ነው። ከዚህ የበለጠ የተሰወረ ምስጢር የለም።

ተረት፦ መኪናውን መነቅነቅ ማጭበርበር ነው።

እውነታው፦ ልከኛ ንቅናቄ የጨዋታው ጥበብ ክፍል ነው፤ የሚቀጣው ልክን ማለፍ ነው። በሣጥኑ ውስጥ፣ በብረት ቀለበት መካከል፣ ቱንቢ ተንጠልጥሏል። ተጫዋቹ አብዝቶ ሲገፋ ቱንቢው ቀለበቱን ይነካና ፍሊፐሮቹ ይቆማሉ፤ ተጫዋቹም ኳሱን፣ በአንዳንድ መኪናዎችም ጨዋታውን በሙሉ ያጣል። የዚህን ዳኝነት ሐሳብ በ1930ዎቹ ያመነጨው ሃሪ ዊሊያምስ ነው። ጥሩ ተጫዋች ይህን ወሰን በእጁ ያውቀዋል።

ተረት፦ የቆመ መኪና ዘይት ሲቀባና ሲታጠብ ይነሣል።

እውነታው፦ በዘመናችን ብዙ መኪና የሚያጠፋው ይህ ተረት ነው። በኮይሉ ውስጥ የሚመላለሰው ብረት እንዲሠራ የታሰበው በደረቁ ነው፤ ዘይት ሲገባበት ከአቧራ ጋራ ተዋሕዶ እንደ ሙጫ ይረጋና ፍሊፐሩን ያደክመዋል። ኮንታክቶቹም ብዙውን ጊዜ የሚሹት ቀላል ጽዳትና የምላሶቹን ርቀት ማስተካከል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጋቸው ሰው ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ በወፍራም የሚተካም ቤቱን ለእሳት ያጋልጣል። በመኪናው ራስ ላይ የቆመው ባለሥዕል መስተዋት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ቀለሙ የታተመው በጀርባው ስለ ሆነ፣ በዚያ በኩል በእርጥብ ጨርቅ የጠረገው ሰው እንደ ሮይ ፓርከር ያለው ሠዓሊ የደከመበትን ሥራ አንሥቶ በጨርቁ ላይ ያገኘዋል።

ተረት፦ ያረጀ ሁሉ ውድ ነው፤ ለአራት ሰው የተሠራውም ለአንድ ሰው ከተሠራው ይበልጣል።

እውነታው፦ ዋጋውን የሚወስነው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ የሥዕሉ ደኅንነት፣ የሰሌዳው አለመበላትና የጨዋታው ጣዕም ጭምር ናቸው። በዚያ ዘመን አንድን ነገር ለማስታወስ ተጨማሪ ጎማና ሪሌ ያስፈልግ ነበርና፣ የአራት ተጫዋቾችን ውጥን ለየብቻ መያዝ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ በእንዲህ ያሉት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ የተጫዋቾቹ ነጥብ ለየብቻ ሲጠበቅ፣ ያበሯቸው መብራቶች ግን ኳሱ ባለቀ ቁጥር ይጠፋሉ። ለአንድ ሰው በተሠራው መኪና ግን በመጀመሪያው ኳስ የተጀመረው ሥራ እስከ መጨረሻው ሊቀጥል ይችላል። ብዙ ሰብሳቢዎች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ጎትሊብ ለአንድ ተጫዋች የሠራቸውን መኪናዎች አጥብቀው የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የእነዚህ ተረቶች ሁሉ ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም ተከፍቶ ሊታይ የሚችለውን ነገር ሳይከፍቱ መፍረድ ነው። በውጭ አገር የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ በካሊፎርኒያ አላሜዳ፣ በላስ ቬጋስ ወይም በቡዳፔስት የሚገኙትን የፒንቦል ቤተ መዘክሮች ለማየት ብትታደል፣ ቆመህ ከማየት ይልቅ መጫወትን ምረጥ። አሮጌ መኪና በእጅህ ቢገባም፣ ሽቦውንና ፊውዙን ሳታስመረምር ኤሌክትሪክ አትስጠው፤ በሣጥኑ ውስጥ የሽቦውን አካሄድ የሚያሳየውን የወረቀት ንድፍ ብታገኝ በጥንቃቄ አኑረው፤ መኪናውን የሚጠግነው ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅህ እርሱን ነው።