የ10 ማይሉ ገደብና የዊንደርሚር እንጀራ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ «ሌክ ዲስትሪክት» በተሰኘው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውና 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ዊንደርሚር በእንግሊዝ ካሉት የተፈጥሮ ሐይቆች ትልቁ ሲሆን፣ ከ2005 ጸደይ ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባለ ሞተር ጀልባ በሰዓት ከ10 ማይል በላይ እንዳይሄድበት ተከልክሏል። ሰውን በገመድ ጎትቶ በውሃ ላይ ለማንሸራተት ጀልባው ቢያንስ የዚህን እጥፍ መፍጠን ስላለበት፣ ደንቡ በስሙ የፍጥነት ገደብ ይሁን እንጂ በግብሩ የውሃ ሸርታቴን ከሐይቁ ያስወጣ ነው።

ገደቡ ያላሰበው ነገርም አለ። ለሩጫ የተሠራ፣ ስድስት ሜትር የሚሆን ጀልባ በ10 ማይል ሲጓዝ ከውሃው በላይ ብድግ ብሎ ለመንሸራተት የሚያበቃ ፍጥነት ስለማያገኝ፣ ጭራው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ሽቅብ ይቀሰራል፣ በሙሉ ፍጥነት ቢበር ኖሮ ከሚተወው የበለጠ ማዕበልም ከኋላው ይጎትታል።

በዊንደርሚር ዳርቻ በእንግዳ ላይ የተመሠረተው ኑሮ የተወለደው በባቡር ነው። ባለቅኔው ዊልያም ዎርድስዎርዝ የሕዝብ ጎርፍ ይመጣል ብሎ በ1844 ሐዲዱን አጥብቆ ቢቃወምም፣ መስመሩ በ1847 ተከፈተ፣ በርትዌይት የምትባለው መንደርም ስሟን ትታ የጣቢያውን ስም፣ ዊንደርሚርን፣ ወሰደች። ሌላ የባቡር ኩባንያ በኋላ በሐይቁ ላይ መርከብ አሰማራ፤ በ1891 ውሃ ላይ የወረደችው «ተርን» የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ፍጥነትም የራሱ ታሪክ አለው፤ ሰር ሄንሪ ሲግሬቭ በሰኔ 1930 እዚሁ ሐይቅ ላይ በሰዓት ከ98 ማይል በላይ ሮጦ የዓለምን የውሃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን በያዘበት ዕለት ጀልባው ተገልብጦ ሞቷል።

በፍጥነት ገደቡ ላይ የተነሳው ሙግት የተካረረው በፓርኩ ውስጥ ለሕዝብ ጀልባ ክፍት የሆኑት ሌሎቹ ሦስት ሐይቆች፣ ኮኒስተን፣ አልስዋተርና ደርዌንትዋተር፣ ቀደም ብለው በመገደባቸው ፈጣን ጀልባ ሁሉ ወደ ዊንደርሚር ስለተሰበሰበ ነው። የፓርኩ አስተዳደር ደንቡን አርቅቆ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰፊ የሕዝብ ምርመራ ከተካሄደበት በኋላ፣ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ ጆን ገመር በ1996 ውድቅ አደረጉት። በ2000 ግን ተከታዩ መንግሥት አጸደቀውና ነጋዴዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ፋታ ሰጠ። ከክርክሩ ጀርባ የቆመው «የሳንድፎርድ መርህ» ነው፤ በ1970ዎቹ የፓርኮቹን ጉዳይ ያጠናውን ኮሚቴ በመሩት ሎርድ ስም የሚጠራው ይህ መርህ፣ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መዝናናትና ጥበቃ ከተጋጩና ካልታረቁ ጥበቃው ይቀድማል ይላል፤ በ1995ም ሕግ ሆኗል። ጫጫታው ስለ ጸጥታ ነበር፤ የፓርኮቹን ዓላማ የሚደነግገው የዚያው ሕግ አንቀጽ ግን ስለ መረዳትና ስለ መደሰት እንጂ ስለ ጸጥታ በቃል አይናገርም።

የገንዘቡን ነገር አስቸጋሪ የሚያደርገው ከሳሪውና አትራፊው አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ፈጣን ጀልባ የሚሸጠው፣ ሞተር የሚጠግነው፣ ነዳጅ የሚቀዳውና ሸርታቴ የሚያስተምረው ሰው ኪሳራውን በስሙ ቆጥሮ ሊያቀርብ ይችላል፤ ጸጥታው የሳበው እንግዳ ግን በምን ምክንያት እንደመጣ ለሆቴሉ ስለማይናገር፣ ትርፉ በየአልጋውና በየሻይ ቤቱ ተበትኖ ይቀራል። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሳፋሪ የሚያመላልሱት የሐይቁ መርከቦች የሚሸጡት እይታ እንጂ ሩጫ ስላልሆነ ገደቡ ገበያቸውን አልነካም። ስለዚህ ደንቡ የሐይቁን ዳርቻ አደኸየ ማለት ያስቸግራል፤ እንጀራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ ማለት ግን ይቻላል፣ ለተወሰደበት ሰው ደግሞ አምስት ዓመት ፋታ እንጂ ካሳ አይደለም።

ጎረቤቱ ኮኒስተን፣ የፍጥነት ክብረ ወሰን አሳዳጁ ዶናልድ ካምቤል በጥር 1967 «ብሉበርድ» በተባለች ጀልባው ሲሮጥ የሞተበት ሐይቅ፣ ያው የ10 ማይል ገደብ አለበት፤ ሆኖም እንግዳ በሚሳሳበት በኖቬምበር ለፈጣን ጀልባዎች የክብረ ወሰን ሳምንት በልዩ ፈቃድ ገደቡ ይነሳል።