ቡጢኛ መቼ ይብቃው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1980 ላስ ቬጋስ ውስጥ ወደ መድረክ የወጣው መሐመድ አሊ ላየው ሰው ወጣትነቱ የተመለሰለት ይመስል ነበር። ክብደቱን ቀንሷል፤ ሽበቱን በቀለም አጥቁሯል። ዕድሜው 38 ነበር። ደወሉ ሲደወል ግን እጁም እግሩም አልታዘዝ አሉት። ቀድሞ የልምምድ ተጋጣሚው የነበረው ላሪ ሆምስ ለ10 ዙር ያህል እንደ ልቡ መታው። በመጨረሻ አሰልጣኙ አንጀሎ ደንዲ ግጥሚያው ይብቃ አለ።

አደጋውን አስቀድሞ የጠቆመ ሰነድ ነበር። አሊ ከግጥሚያው በፊት በማዮ ክሊኒክ ሲመረመር፣ አፍንጫውን በጣቱ ለመንካት ሲሞክር ጥቂት እንደሚስት፣ በአንድ እግሩ ሲዘልም ከእሱ የሚጠበቀው ቅልጥፍና እንደሌለው ሐኪሞቹ ጽፈዋል። የኔቫዳ ግዛት ግን የመጋጠም ፈቃድ ሰጠው። በ1981 መጨረሻ ባሃማስ ላይ በትሬቨር በርቢክ ተሸንፎ ጓንቱን ሰቀለ። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ለሕመሙ መንስኤው ቡጢ ስለመሆኑ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በሆምስ ፊት መቆም እንዳልነበረበት ግን የሚከራከር የለም።

ዕድሜ ቡጢኛን በምን በኩል ይይዘዋል? መጀመሪያ የሚነካው ፍጥነቱን ነው። ሰው ያየውን ነገር ተረድቶ አካሉን ለማንቀሳቀስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይረዝማል። ጤናማ ወጣት ለአንድ ቀላል ምልክት ምላሽ ለመስጠት አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ያስፈልገዋል። ፈጣን ቡጢም በዚያው ያህል ጊዜ ዒላማው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ጥሩ ቡጢኛ ቡጢው እስኪመጣ አይጠብቅም፤ የተጋጣሚውን ትከሻ፣ ዳሌና እግር አንብቦ ቀድሞ ይሸሻል። ይህ ንባብ በልምድ ስለሚዳብር የፍጥነቱን መቀነስ ለዓመታት ይሸፍናል።

ጉልበት ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ጆርጅ ፎርማን በ1994፣ በ45 ዓመቱ፣ የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘርሮ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል። እስከዚያች ቅጽበት ግን በነጥብ የሚመራው ሙረር ነበር። ብዙ አንጋፋ ቡጢኛን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ አንድ ከባድ ቡጢ እስካለው ድረስ ሁሉም ነገር ያለው ይመስለዋል። የቀረው የመምታት አቅሙ ነው፤ ከመመታት የማምለጥ አቅሙ ግን አብሮት የለም።

ከጡንቻ ይልቅ የሚያሳስበው አንጎል ነው። አንጎል እንደ ረጋ እርጎ ለስላሳ ሆኖ በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይገኛል። አገጭ ላይ ያረፈ ቡጢ ጭንቅላትን በድንገት ሲያዞረው በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ። አንዱ ምት ሊታለፍ ይችላል። በዓመታት ግጥሚያና ልምምድ የተጠራቀመው ግን ታው የተባለው ፕሮቲን ያለ ቦታው እንዲከማችና የነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ እንዲሞቱ ሊያደርግ ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በቡጢ ብዛት የሚናወዙትን፣ ንግግራቸው የሚጎተተውን ተጋጣሚዎች ሁኔታ በሕክምና መጽሔት የገለጸው በ1928 ነበር። በ1973 እንግሊዝ ውስጥ ተመራማሪው ኮርሴሊስና ባልደረቦቹ የ15 የሞቱ ቡጢኞችን አንጎል መርምረው ጉዳቱን በዝርዝር አሳዩ። ዛሬ ክሮኒክ ትራማቲክ ኢንሴፋሎፓቲ ይባላል፤ በእርግጠኝነት የሚረጋገጠውም ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው።

ዕድሜ በዚህ ላይ ሌላ አደጋ ይጨምራል። አንጎል ከዕድሜ ጋር በመጠን እየቀነሰ ሲሄድ ከላዩ ሽፋን ጋር የሚያገናኙት ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ በምት ተበጥሰው ደም የማፍሰስ ዕድላቸውም ከፍ ይላል።

የተጎዳው አካል ስለ ጉዳቱ መፍረድ ያለበት ያው አካል መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ሚዛን የሚጠብቀው፣ ትውስታን የሚይዘው፣ አደጋን የሚመዝነው አንጎል ነው። ለውጡም የሚመጣው ቀስ በቀስ በመሆኑ ባለቤቱ ይለምደዋል። ተመራማሪዎች የአሊን የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቆች አወዳድረው የንግግሩ ፍጥነት ከ1968 እስከ 1981 በ26 በመቶ እንደቀነሰ አግኝተዋል። ሕመሙ ከመታወቁ ከዓመታት በፊት ድምፁ ሲናገር ነበር ማለት ነው። የግል ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮም በ1977፣ ከኧርኒ ሼቨርስ ግጥሚያ በኋላ፣ የኩላሊቱን የላቦራቶሪ ውጤት አይቶ እንዲያቆም መክሮት ነበር። ሰሚ ሲያጣ ራሱ ከቡድኑ ወጣ።

ምክር የማይሰማበት አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ጆ ሉዊስ የግብር ዕዳ ስለተጫነው ከጡረታ ተመልሶ በ1951፣ በ37 ዓመቱ፣ በሮኪ ማርሲያኖ ቡጢ ወደቀ። በተቃራኒው ሌኖክስ ሉዊስ በ2003 ቪታሊ ክሊችኮን በመከራ ካሸነፈ በኋላ የድጋሚ ግጥሚያውን ገንዘብ ትቶ በ2004 መጀመሪያ ሻምፒዮን እንደሆነ ተሰናበተ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በኦሊምፒክ ቡጢ የዕድሜ ጣሪያው 40 ነው፤ በፕሮፌሽናሉ ዓለም ግን ለሁሉም የሚሠራ ጣሪያ የለም። ዕድሜ ብቻውንም በቂ መለኪያ አይደለም፤ ብዙ የተመታ የ30 ዓመት ሰው ጥቂት ከተመታ የ40 ዓመት ሰው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። የሚሻለው ቡጢኛውን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ሥራውን ሲጀምር የአጸፋ ፍጥነቱ፣ ትውስታው፣ ሚዛኑና ንግግሩ ይለካ፤ በየዓመቱም ይደገም። በክሊቭላንድ ክሊኒክ የላስ ቬጋስ ማዕከል ከ2011 ጀምሮ ተጋጣሚዎችን በዚህ መልክ የሚከታተል ጥናት አለ፤ ብዙ በተጋጠሙት ላይ የአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች መጠን ቀንሶ፣ አስተሳሰብም ዘገም ብሎ ታይቷል። በመድረኩ ዙሪያ ያሉ ሰዎችም የሚያዩት አለ፦ ቀድሞ የሚያመልጠው ቡጢ ሲያገኘው፣ በቀላል ምት ጉልበቱ ሲከዳው፣ ቤተሰቡ ስለ ቁጣውና ስለ መርሳቱ ሲያወራ።

ቡጢኛ ጀግና የሚሆነው ሕመምን ችሎ መቀጠልን ስለተማረ ነው። ያ ትምህርት ለማቆም አይረዳውም። ስለዚህ የማቆምን ውሳኔ በእሱ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ከባድ ግፍ ነው። ፈቃዱን የመንጠቅ ሥልጣን ከግጥሚያው ገቢ አንዲት ሳንቲም ለማይደርሰው ሐኪም ይሰጥ፤ ቡጢኛውም ሳይጋጠም የሚኖርበት ጥሪት ገና በወጣትነቱ ይቀመጥለት።