በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን ፈቃድ ስለ መቆጣጠር

መምህሩ ፈተና ባዘጋጀበት ኮምፒዩተር ላይ ተማሪው የቤት ሥራውን ያመጣበት ፍላሽ ሊሰካ ይችላል። በዚህ ረገድ አደጋው በፍላሹ ውስጥ ከተቀመጡት ፋይሎች ብቻ እንደሚመጣ ተደርጎ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ያልተሟላ ነው።

ማናቸውም የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ ምን እንደሆነ የሚናገረው ራሱ መሣሪያው ነው፤ ኮምፒዩተሩም ቃሉን አምኖ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች በላስ ቬጋስ በተካሄደው የብላክ ሃት ጉባኤ እንዳሳዩት፣ የውስጥ ፕሮግራሙ የተለወጠ ፍላሽ ኪቦርድ ነኝ ብሎ በመቅረብ፣ ተጠቃሚው ራሱ የጻፈው የሚመስል ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል። ክፋቱ በፋይል ውስጥ ስላልሆነም ፋይል የሚመረምረው ጸረ ቫይረስ አያገኘውም።

የሊኑክስ ከርነል ግን መሣሪያን ማወቅንና ለመሣሪያ ፈቃድ መስጠትን ለይቶ ይይዛል። ለእያንዳንዱ የተሰካ መሣሪያ «አውቶራይዝድ» የተባለ አነስተኛ ፋይል አለ። 1 ሲጻፍበት መሣሪያው ይሠራል፤ 0 ሲጻፍበት ከርነሉ መሣሪያውን ቢያየውም ከድራይቨር ጋር አያገናኘውም። ወደፊት የሚሰኩት እንዴት እንደሚስተናገዱ የሚወስነው ደግሞ «አውቶራይዝድ ዲፎልት» ነው፤ በዚህኛው 1 ሁሉንም ይፈቅዳል፣ 0 ሁሉንም ያግዳል፣ 2 በኮምፒዩተሩ አካል ውስጥ የተገጠሙትን ብቻ ይፈቅዳል። እነዚህን ለመለወጥ የሥርዓቱ ዋና ኃላፊ ሥልጣን ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ጉዳይ አለ። 0 ኮምፒዩተሩ ከሚነሣበት ጊዜ ጀምሮ እንዲጸና ቢደረግ፣ በዩኤስቢ የተሰካው ኪቦርድ አብሮ ስለሚታገድ ፈቃድ የሚጻፍበት መንገድ ይዘጋል። ኮምፒዩተሩ ከተነሣ በኋላ የሚጣል እገዳ ግን አስቀድሞ የተፈቀዱትን አይነካም።

ፋይሎቹን በየጊዜው በእጅ መለወጥ ለሠላሳ ኮምፒዩተሮች ክፍል አድካሚ በመሆኑ፣ «ዩኤስቢጋርድ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይመረጣል። ፕሮግራሙ በወቅቱ የተሰኩትን መዝግቦ የደንብ ዝርዝር ያወጣል፤ ስለዚህ ምዝገባው የታመኑ መሣሪያዎች ብቻ ባሉበት ሰዓት መከናወን አለበት። ከዚህም በላይ፣ የማከማቻነት ሥራ ብቻ ያለው ፍላሽ እንዲፈቀድ፣ ማከማቻም ኪቦርድም ነኝ የሚለው ግን እንዲወገድ ማዘዝ ይቻላል። ለተማሪ ቤት ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ደንብ ነው።

ይሁን እንጂ ደንቦቹ የሚመሠረቱባቸውን የፋብሪካ፣ የሞዴልና የመለያ ቁጥሮች የሚናገረው አሁንም መሣሪያው ራሱ ነው፤ የተፈቀደ ኪቦርድን ቁጥር የሚያስመስል መሣሪያ ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም የፈተና ወረቀት የሚዘጋጅበት ኮምፒዩተር ከተማሪዎች ክፍል ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል። ፈቃድ የመስጠቱም ሥልጣን ለአንድ መምህር ብቻ ቢተው እርሱ በሌለበት ቀን የተበላሸ ማውስ እንኳ መተካት ስለማይቻል፣ በየተማሪ ቤቱ ሁለት ሰዎች ቢመደቡ ይመረጣል።