ጆሮውን ግድግዳ ላይ የለጠፈ ቤተ ሙከራ

ክፍት የነበረ የውሃ ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ ጓ ይላል። እየሮጠ የነበረው ውሃ ሲገታ የሚፈጠር የግፊት ሞገድ ነው፤ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ያዳርሳል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዩቢኮምፕ ላብ የተባለው ቤተ ሙከራ፣ ሌላው ሰው ቧንቧ ሠሪ የሚጠራበትን ይህን ድምፅ የመረጃ ምንጭ አደረገው። ወጥ ቤቱ፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ የሚያስነሡት ሞገድ ይለያያል። ስለዚህ አንድ የግፊት ሴንሰር ውጭ ባለው የጎማ መግጠሚያ ላይ ቢታሰር፣ የትኛው መቼ እንደተከፈተ ይናገራል። ሃይድሮሴንስ የተባለው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲቀርብ በ10 ቤቶች ተሞክሮ 97.9 በመቶ ያህሉን በትክክል ለይቷል። በዓመቱ አንድ ሶኬት ላይ ብቻ የሚሰካ መሣሪያ ተከተለ፤ ቴሌቪዥንና ቻርጀር በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ የሚለቁትን ረብሻ እያነበበ የትኛው እንደበራ ያውቃል። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ጠዋት ተነሥተው ፊታቸውን መታጠባቸውን ልጃቸው ከሩቅ ሊያይ ይችላል። አከራይም ሊያይ ይችላል፤ እሱም አብሮ መታሰብ አለበት።

ላቡ ስሙን የወሰደበትን፣ በየቦታው ያለ ኮምፒውተር የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ፓርክ በተባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ማርክ ዋይዘር ነው። በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኮምፒውተር ከዕለት ኑሮ ጋር ተዋሕዶ ሰው ልብ የማይለው ይሁን አለ። ይህን ይዘው ቤቱን በሴንሰር ሊሞሉት የተነሡ ነበሩ። በ2008 ዶክትሬቱን ከጆርጂያ ቴክ ይዞ ወደ ሲያትል የመጣው የላቡ መሪ ሽዌታክ ፓቴል ግን አዲስ ዕቃ ከመጨመር ያለውን ማዳመጥ መረጠ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ላቡ ጆሮውን ከግድግዳ ወደ ሰው ደረት ያዞረበት ሥራ ነው። አስም ያለበት ሰው የሳንባው አቅም የሚለካው ስፓይሮሜትር በሚባል፣ በቱቦ በሚነፋ መሣሪያ ነው፤ ዕቃው ውድ ስለሆነ ታማሚው ወደ ክሊኒክ ይመላለሳል። በ2012 ላቡ ያቀረበው ስፓይሮስማርት የተባለ የስልክ መተግበሪያ በቱቦ መንፋቱን አስቀረው። ታማሚው ስልኩን ክንዱን ዘርግቶ ይይዛል፣ ደረቱ እስኪሞላ አየር ይስባል፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ስልኩ ይተነፍሳል። ማይክሮፎኑ ድምፁን ይቀዳል፤ ስሌቱ ከድምፁ ተነሥቶ የአየሩን ፍሰት ይገምታል። በ52 ሰዎች ሲሞከር ከክሊኒኩ መሣሪያ የነበረው ልዩነት በአማካይ 5.1 በመቶ ነበር።

ስማርት ስልክ የሌለውስ? በ2016 ስፓይሮኮል መጣ። ታማሚው ካገኘው ስልክ ሁሉ ይደውላል፣ በመስመሩ ላይ ይተነፍሳል፤ ስሌቱን ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ሳንባው ክፉኛ የደከመ ሰው ትንፋሽ ግን ድምፁ አይወጣም። ለዚህ ትንሽ ፊሽካ ሠሩለት፤ አየሩ ሲፈጥንና ሲዘገይ የፊሽካው ቃና አብሮ ይለዋወጣል። ከላቡ ሥራዎች ሁሉ ለእኔ ይህች ፊሽካ ትበልጥብኛለች።

ቢሊካም የተባለው ሥራ ደግሞ የአራስ ሕፃናት ነው። ቢሊሩቢን የተባለው ቢጫ ንጥረ ነገር በደማቸው ሲበዛ ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፤ ከልክ ካለፈም አንጎል ይጎዳል። ቢጫነቱን በዓይን መገመት አያስተማምንም፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ይብሳል። በቢሊካም፣ ባለ ቀለም ካርድ ሕፃኑ ሆድ ላይ ተቀምጦ በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ የክፍሉ ብርሃን ቀለሙን ምን ያህል እንዳዛባው ካርዱ ያሳብቃል። በ2017 የወጣው ጥናት 530 አራሶችን ያካተተ ሲሆን ከእነርሱም መካከል ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። እንደ እኛ ልጆች ያለ ቆዳ ያላየ ስሌት ለእኛ ልጆች ምን ይረባል?

ሳል የሚቆጥር ስልክ የሰውን ወሬም ይሰማል። ላቡ በ2011 ባቀረበው የሳል መለያ ሥራ ላይ ድምፁን እንዳለ አላስቀመጠም፤ ሳሉ መልሶ እንዲሰማ፣ ንግግሩ ግን እንዳይለይ አድርጎ አሳጠረው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሁሌ ከገበያው ጋር አብሮ ይሄዳል ብዬ አልምልም፤ ፓቴል የመሠረተው ሴኖሲስ የተባለው የጤና ኩባንያ በ2017 በጉግል ተገዝቷል።

በ2023 ከላቡ ፊቨርፎን የተባለ መተግበሪያ ወጣ። በስልክ ውስጥ የባትሪውን ሙቀት የሚከታተለውን ሴንሰር ትኩሳት መለኪያ ያደርገዋል፤ ስልኩ ግንባር ላይ 90 ሴኮንድ ያህል መቆየት አለበት። በ37 ሰዎች ተሞክሮ አማካይ ስሕተቱ 0.23 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆነ፤ ከተሞከረባቸው መካከል ግን ከባድ ትኩሳት ያለበት ሰው አልነበረም።