ባጃጅ በሚያድርበት ክፍል ውስጥ የሚገባ መቁረጫ



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በከሚሴ፣ ማታ ባጃጅ የሚያድርበት የቆርቆሮ ክፍል ያለው ግቢ ጥቂት አይደለም። የእኛም ግቢ ከእነዚሁ አንዱ ነው። ክፍሉ ሁለት ሜትር ተኩል በአራት ሜትር ሲሆን፣ ባጃጇ ለሥራ ስትወጣ እኛ ወንድማማቾች ባንኮአችንን ይዘን የበርና የመስኮት ክፈፍ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ አንዳንዴም ለመድረሳ ልጆች ረሐል እንሠራበታለን።

ችግራችን ማዕዘን ነበር። አንድ ክፈፍ አራት ማዕዘን አለው፤ በየማዕዘኑ ሁለት ጫፍ ስለሚገናኝ እንጨቱ ስምንት ጊዜ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ቁርጥ በአንድ ወገን ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል፣ ስምንቱ ተደምረው አራት ዲግሪ ይሆናሉ። ሦስቱ ማዕዘን ይገጥሙና አራተኛው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ደፍኖ ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ገዥው አያየውም። ነገር ግን ጉድለትን ሸፍኖ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ ስለሆነ፣ በእጅ መጋዝ የተበላሸውን ሁሉ እየጣልን ከርመናል። የባከነው ሞራሌ ሲታሰብ ማሽን መግዛቱ ግድ ሆነ።

አናጢዎች ማይተር ሶው የሚሉትን የማዕዘን መቁረጫ ፍለጋ ወጣን። ሻጩ ትልቁ እንደሚሻለን ነገረን፤ እኛም አመንነው። የገዛነው ባለ 12 ኢንች ተንሸራታች ነበር። ቤት አምጥተን ባንኮው ላይ ስናስቀምጠው፣ ራሱ ወደ ኋላ ሲገፋ ሁለቱ ዘንጎች ግድግዳውን መቱ። ከግድግዳው አርቀን ስንተክለው ደግሞ ባጃጇ አልገባ አለች። የባጃጅ ወርድ አንድ ሜትር ከ30 ያህል ነው፤ ከሁለት ሜትር ተኩል ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው አንድ ሜትር ከ20 ብቻ መሆኑን አስቀድመን ማስላት ነበረብን። ስለዚህ በየማታው 30 ኪሎ የሚጠጋውን ብረት ለሁለት ተሸክመን ወደ ሳሎን ማስገባት ሆነ። እናታችን «ይህ እንግዳ ዛሬም እዚሁ ነው የሚያድረው?» ይሉን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከስረን ሸጥነው።

ከዚያ ወዲያ የተማርነውን እናካፍላችሁ። ከዋጋው በፊት የሚለካው ከግድግዳው እስከ ማሽኑ እጀታ ያለው ርቀት ነው። የማይንሸራተተው፣ ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚሄደው ዓይነት ከኋላው ብዙ ቦታ አይፈልግም፤ ባለ 10 ኢንቹ ወርዱ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጣውላ ይቆርጣል። ለበርና ለመስኮት ክፈፍ፣ ለዞኮሎም ይበቃል። ተንሸራታቹ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ታዲያ ዘንጎቹ ወደ ኋላ የሚወጡ ከሆነ ከጀርባው ባዶ ቦታ ይሻል። ይህን ችግር ለማስቀረት የተሠሩም አሉ። ቦሽ ዘንጉን ትቶ እንደ ክርን የሚታጠፍ ክንድ ያደረገበት ሞዴል አለው፤ ማኪታም ዘንጎቹ ከኋላ ሳይወጡ ራሱ ብቻ በላያቸው እንዲንሸራተት አድርጎ ሠርቷል። እነዚህ ግድግዳ ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ለእንደኛ ዓይነቱ ሥራ ከባድ ነው። መካከለኛ መንገድ የሚፈልግ ሰው 216 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለውን ትንሹን ተንሸራታች ይመልከት። ክብደቱ አንድ ሰው የሚያነሣው ነው።

እኛ በመጨረሻ የወሰድነው የማይንሸራተተውን ባለ 10 ኢንች ነው። ሰፋፊውን ኤምዲኤፍና ቺፑድ ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፈን በእጅ በሚገፋ ክብ መጋዝ እንቆርጣለን። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚያጋጥም ሰፊ ጣውላ ብሎ ክፍሉን ለማሽን ማስረከብ አይገባም ባዮች ነን።

ርዝመቱም አለ። የበር ቋሚ ሁለት ሜትር ከአሥር ሲሆን ለመቆረጥ በግራና በቀኝ መተኛት አለበት። ማሽኑን በበሩ አጠገብ ስላደረግነው ትርፉ እንጨት ወደ ግቢው ይወጣል። በሁለቱም ጎን ከማሽኑ ገበታ ጋር እኩል ከፍታ ያላቸው ድጋፎች ሠርተናል፤ ድጋፍ የሌለው ረጅም እንጨት ዘንበል ብሎ ዲስኩን ይነክሳል።

1800 ዋት የሚለው ማሽን በ220 ቮልት ከስምንት አምፔር በላይ ይስባል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ገመድ ጠቅልሎ መጠቀም ገመዱን ያግላል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር የሆነውን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ መጠቀም ይበጃል። ዲስኩም ለጥሩ ማዕዘን 60 ጥርስና ከዚያ በላይ ያለው ይመረጣል።

የሰጋቱራውን ነገር በቸልታ አናልፈውም። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 (እ.ኤ.አ.) በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ከረጢት የሚይዘው ከፊሉን ብቻ ስለሆነ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ በሩን ከፍቶ መሥራት፣ ሲጠርጉም ወለሉን ውሃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል። እዚህ አገር በሽርጥና በሰፊ እጅጌ መሥራት ልማድ ነው፤ ማሽኑ አጠገብ ግን የተንጠለጠለ ጨርቅ እጅን ይዞ ይገባል። ጓንትም እንዲሁ። እህቶቻችን የሒጃባቸውን ጫፍ ወደ ውስጥ ያስገቡ። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ራሱን ወደ ላይ አለማንሣት፣ ዲስክ ሲቀየርም ሶኬቱን መንቀል የማይታለፍ ነው።

የጎረቤት ሐቅ ደግሞ አለ። ይህ ማሽን ይጮኻል፤ እኛ ጆሯችንን ሸፍነን ስንሠራ ጎረቤት አይሸፍንም። አጠገባችን የሚኖሩ አንድ እናት ከዙህር በኋላ ጋደም እንደሚሉ ስለነገሩን፣ በዚያ ሰዓት የምንሠራው መለካትና መለጠፍ ብቻ ነው።

በወለድ ተበድሮ መግዛትን የሚሸሽ ወጣት ስለ ሙራባሓ ይጠይቅ። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ገልጾ፣ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ለደንበኛው ይሸጥለታል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው የአገራችን ባንክ ነበር። ውሉን ሳያነቡ መፈረም ግን በየትኛውም ባንክ አይሁን።

ማታ ማታ ማሽኑ የተተከለበትን ተገልባጭ ገበታ አዙረን ከሥሩ እናስገባዋለን፤ ላዩ ባዶ ባንኮ ይሆናል። መግሪብ ሲቃረብ ታናሽ ወንድማችን በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሰጋቱራውን ጠርገን በሩን እንከፍትለታለን። ባጃጇ ትገባለች፤ ግራ መስተዋቷ ብቻ እየታጠፈ።