ሞተሩ ተለወጠ፤ ውሉስ?

አሮጌ ዲኤክስ ገዝቶ፣ ከሶማሌ ተራ ዕቃ አሰባስቦ፣ ሞተሩን ማጎልበትና ቁመቱን ዝቅ ማድረግ በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ገንዘቡ ጋራዥ ውስጥ ይፈሳል። ኢንሹራንሱ ግን የሚታወሰው መኪናው ከተጋጨ በኋላ ነው።

በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ግዴታ የተደረገው የሶስተኛ ወገን መድን በሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት እስከ ጣሪያው ይሸፍናል እንጂ የባለቤቱን መኪና አያስጠግንም። ለዚህ ሙሉ ዋስትና ያስፈልጋል። አረቦኑ ሲተመን ደግሞ የመኪናው ዋጋ፣ የሾፌሩ ዕድሜና የመንዳት ልምድ ይታያል። የ22 ዓመት ወጣት ጉልበት የተጨመረለት መኪና ይዞ ሲቀርብ ሂሳቡ ቢወደድ አይገርምም።

ይህን በመሸሽ መኪናውን በአባቱ ስም አስገብቶ ስለ ሞተሩ ዝም የሚል አይጠፋም። ሆኖም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ቁጥር 668 ፍሬ ነገር ሆን ተብሎ የተደበቀበትን የመድን ውል ዋጋ ያሳጣዋል። ከፊርማው በኋላ የመጣ፣ አደጋን የሚያባብስ ለውጥም ለመድን ሰጪው መነገር አለበት። ሞተሩ መለወጡን ለማወቅ ደግሞ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ይበቃል።

ስለዚህ የዕቃና የጋራዥ ደረሰኞችን ይዞ ቀርቦ ለውጡን በውሉ ላይ በጽሑፍ ማስፈር ያዋጣል። በአረቦን የተቆጠበች ብር መኪና አትመልስም።