ያለ ታሪክ የተወለደው ክለብ፦ ኤፍ ሲ ሚድትዩላንድ

የዴንማርክ እግር ኳስ ሲነሳ ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዋና ከተማዋ ነው። ኤፍ ሲ ኮፐንሃገንና ብሮንድቢ እዚያው ዙሪያ ናቸው፤ ደጋፊውም፣ ገንዘቡም፣ የቴሌቪዥኑ ዓይንም እዚያ ይከማቻል። ኤፍ ሲ ሚድትዩላንድ ግን መቀመጫው ከዋና ከተማዋ ርቆ፣ በዩትላንድ ባሕረ ገብ ምድር መሀል ነው። ሜዳው ያለው ሄርኒንግ ውስጥ ሲሆን፣ ከተማዋ ሃምሳ ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላትና በሹራብና በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ያደገች ናት። ክለቡ የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። እስከ 2024 ባለው ሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የዴንማርክን ዋንጫም በ2019 እና በ2022 አንስቷል። በውጭ ያለው ዝና “በኮምፒዩተር የሚመራ ክለብ” የሚል ነው። ይህ ዝና ግማሽ እውነት ይመስለኛል። የቁጥር ስሌቱ የመጣው ክለቡ አሥራ አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ከሌሎች የለየው፣ የሚጠብቀው የአባቶች ውርስ ስላልነበረው ሌላው የሚያፍርበትን ነገር ለመሞከር መድፈሩ ነው።

አወላለዱን ብናይ ነገሩ ይገለጣል። በ1918 የተመሠረተው ሄርኒንግ ፍሬማድና በ1935 የተመሠረተው ኢካስት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የሚኖሩ ባላንጣዎች ነበሩ። ኢካስት የተሻለ ስም ነበረው፤ በ1987 የሊጉ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል፤ ሦስት ጊዜም ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን ሁለቱም አቅም አልነበራቸውም። በእንጨት ንግድ የሚታወቀው ጆኒ ሩነና መኪና ሻጩ ስቴን ሄሰል ሁለቱን ክለቦች አዋሕደው አንድ ካላደረጉ አካባቢው ተመልካች ሆኖ እንደሚቀር ተከራከሩ። የተቃዋሚዎች መልስ ቀላል አልነበረም፦ ባላንጣዎችን ስታዋህድ የሁለቱንም ነፍስ ታጠፋለህ፤ በውል የተሠራ ክለብ ማን ይወደዋል? ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የአያቱን ማልያ የሚወድ ሰው ማልያው ሲሰረዝበት መቆጣቱ ያለ ነው። ይሁንና ኮፐንሃገን ራሱ በ1992 ከሁለት አሮጌ ክለቦች የተዋሐደ ነው፤ ውሕደት ነፍስ ያሳጣ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚያጣው የዋና ከተማው ክለብ ነበር። አዲሱ ክለብ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ጀምሮ በ2000 ወደ ሱፐርሊጋ አደገ፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደም። በ2004 ደግሞ አሥራ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ውስጥ ገባ።

በዚያው ዓመት የተከፈተው የታዳጊዎች አካዳሚ፣ በእኔ ግምት፣ ከስታዲየሙ ይበልጣል። ልጆች በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ እየተማሩና በቀን እየሠለጠኑ የሚያድጉበት እንዲህ ያለ ተቋም ለዴንማርክ አዲስ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዱ ሲሞን ኬር ነው። በዚያው አካዳሚ የሠራውና በኋላ የክለቡ ሊቀመንበር የሆነው ራስሙስ አንከርሰን እንደሚተርከው፣ ኬር የገባው አንድ ቦታ ስለተረፈና አባቱ በክለቡ ስለሚሠራ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ አሰልጣኞቹ “ከፍ ያለ ደረጃ ይደርሳሉ” የሚሏቸውን ልጆች ስም በወረቀት እንዲጽፉ ተጠየቁ፤ የኬርን ስም የጻፈ አንድም አልነበረም። ይህ ልጅ በ2008 ለጣሊያኑ ፓሌርሞ ተሸጠ፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ከመቶ ጊዜ በላይ ተሰልፎ አምበል ሆነ፤ በ2022 ከኤሲ ሚላን ጋር የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። የክለቡን ቀጣይ መንገድ ለመረዳት ከዚህ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የባለሙያ ዓይን ሊሳሳት እንደሚችል ሰዎቹ የተማሩት ከገዛ ግቢያቸው ነው፤ ለዚያ ትምህርት ኮምፒዩተር አላስፈለጋቸውም። አንከርሰን ተሰጥኦ ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ይዞ ዓለምን ዞሮ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ታላላቅ የመካከለኛ ርቀት ሯጮች ከአንዲት የኢትዮጵያ መንደር እንዴት ወጡ ብሎ ይጠይቃል።

ከአካዳሚው ጎን ለጎን ክለቡ ከናይጄሪያው ኤፍ ሲ ኤቤዴይ ጋር የቆየ ትብብር ገነባ። ሲልቬስተር ኢግቡን፣ ፖል ኦኑዋቹና ፍራንክ ኦኒዬካ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። እዚህ ላይ የሚነሳውን ወቀሳ አላጣጥለውም፦ ከአፍሪካ ልጅ በርካሽ ወስዶ ለአውሮፓ በውድ መሸጥ ልማት አይባልም። ኦኒዬካ በ2021 ወደ እንግሊዙ ብሬንትፎርድ ሲዛወር ሻጩም ገዢውም የአንድ ባለቤት ክለቦች መሆናቸው ደግሞ ትርፉ የት እንደሚዞር ያሳያል። ለክለቡ የሚነገርለት ነገር፣ ግንኙነቱ የአንድ ተጫዋች ግዢ ሳይሆን ለዓመታት የዘለቀ መሆኑና ልጆቹ ተረስተው የሚቀሩ ሳይሆኑ በዋናው ቡድን የሚጫወቱ መሆናቸው ነው። ይህ ወቀሳውን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ2014 ክለቡ በዕዳ ተይዞ ሳለ የብሬንትፎርድ ባለቤት ማቲው ቤንሃም አብላጫውን ድርሻ ገዛ። ቤንሃም ሀብቱን ያፈራው በእግር ኳስ ውርርድ ስሌት ነው፤ ኑሮው የቆመው ብዙኃኑ የሚያምነውን ባለማመን ላይ ነው። የስሌቱ መነሻ ቀላል ነው። በእግር ኳስ ግብ ጥቂት ስለሆነ ዕድል ብዙ ያበላሻል፤ ስለዚህ ውጤቱን ትቶ እያንዳንዱ ሙከራ ከየት ቦታ፣ በምን ሁኔታ እንደተመታና ስንቱ ግብ ሊሆን ይገባው እንደነበር መቁጠር ይሻላል። አንከርሰን ለምሳሌ የሚጠቅሰው ኒውካስልን ነው፦ በ2012 በፕሪሚየር ሊጉ አምስተኛ ሲወጣ ለአሰልጣኙ አላን ፓርዱ የስምንት ዓመት ውል ሰጠው፤ በቀጣዩ ዓመት 16ኛ ሆኖ ጨረሰ። የደረጃ ሰንጠረዡ ዋሽቶ ነበር። ሚድትዩላንድ በዚህ ሚዛን ፊንላንዳዊውን አማካይ ቲም ስፓርቭን ከጀርመን ሁለተኛ ዲቪዚዮን አመጣ፤ ብዙም ግብ የማያስቆጥር፣ ስሙም የማይጮኽ፣ ግን የሚጫወትበት ቡድን በስሌቱ ጠንካራ ሆኖ የሚገኝ ተጫዋች ነበር።

ስሌቱ የጠቆመው ትልቁ ክፍተት ግን በቆሙ ኳሶች ላይ ነው። የማዕዘን ምትና ቅጣት ምት ብዙ አሰልጣኞች ከልምምድ በኋላ ለአሥር ደቂቃ የሚነካኩት ነገር ነበር። ሚድትዩላንድ በዋና ሥራነት ያዘው፤ ለብቻው ጊዜ መደበለት፣ አሯሯጡን ነደፈ፣ የኳስ አመታት አሰልጣኝ ቀጠረ። በ2014/15 የውድድር ዘመን ከቆሙ ኳሶች ያገባው በአማካይ በየጨዋታው አንድ ግብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር፤ በግሌን ሪደርስሆልም አሰልጣኝነት የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳውም በዚያው ዓመት ነው። ቶማስ ግሮነማርክ የተባለ የእጅ ውርወራ አሰልጣኝም አብሯቸው ሠርቷል። ብዙዎች ሳቁበት። በ2018 የርገን ክሎፕ ያንኑ ሰው ወደ ሊቨርፑል ሲጠራው ሳቁ ቀነሰ። አሮጌ ክብር ያለው ክለብ “እኛ እንዲህ አንጫወትም” ይላል፤ ይህን ለማለት ግን የራሱ ወግ ያስፈልገዋል። የአሥራ አምስት ዓመቱ ሚድትዩላንድ ወግ አልነበረውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የአንድ ሀብታም ገንዘብ ውጤት አይደለም ወይ? ገንዘቡ ክለቡን ከዕዳ ማውጣቱ አይካድም። ኮፐንሃገንን በገንዘብ የሚበልጥበት ደረጃ ላይ ግን አላደረሰውም፤ ይልቅ ተጫዋች ሸጦ የሚኖር ክለብ ሆኖ ቀጠለ። በአውሮፓ መድረክ ወሰኑ በግልጽ ታይቷል። በ2015 ሳውዝሃምፕተንን አሰናብቶ ወደ ዩሮፓ ሊግ ምድብ ገባ፤ በየካቲት 2016 ማንቸስተር ዩናይትድን በሜዳው በፒዮኔ ሲስቶና በኦኑዋቹ ግቦች 2 ለ 1 አሸነፈ። ከሳምንት በኋላ በኦልድ ትራፎርድ ማርከስ ራሽፎርድ የሚባል ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ሁለት ሲያገባ 5 ለ 1 ተሸኘ። በ2020 ለሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ደርሶ ከሊቨርፑል፣ ከአያክስና ከአታላንታ ጋር ተደልድሎ በሁለት ነጥብ መጨረሻ ሆነ። ስሌት ትንሹን ክለብ ከትልቁ ጋር አንድ ምሽት ሊያስተካክለው ይችላል፤ በደርሶ መልስና በምድብ ግን የገንዘብ ልዩነት ይመለሳል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ በ2022/23 የመጣው ነው። ስሌቱም ባለሙያዎቹም ባሉበት ክለቡ ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። ቁጥር ያድናል ብሎ ለሚያምን ይህ አሳፋሪ ነው፤ ለእኔ ክርክር ግን ቁጥር መሣሪያ እንጂ ምሰሶ እንዳልነበረ ያሳያል። በ2023 ቤንሃም ድርሻውን ለአንደርስ ሆልክ ፖቭልሰን ሸጠ፤ የልብስ ነጋዴ ነው፤ የኩባንያው ቤስትሴለር ዋና መሥሪያ ቤትም ከኢካስት ብዙ በማትርቀው ብራንደ ይገኛል። እንግሊዛዊው የስሌት ሰው ከሄደ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የውድድር ዘመን ክለቡ በቶማስ ቶማስበርግ አሰልጣኝነት ብሮንድቢን በመጨረሻው ቀን በአንድ ነጥብ ቀድሞ አራተኛውን ዋንጫ አነሳ። ከ2015 እስከ 2024 ከተሰጡት አሥር የዴንማርክ ሊግ ዋንጫዎች ኮፐንሃገን አምስት፣ ሚድትዩላንድ አራት፣ ብሮንድቢ አንድ ወስደዋል።